ጓደኛዬን ከነቤተሰቡ ሰርጌ ላይ ጠርቻለሁ፣ የት ላስቀምጣቸው?

ሞተረኛው፦

ሰላም ነው የቤቱ ሰዎች? ትንሽ ስለሚረዝም ታግሳችሁ አንብቡልኝ፣ ምክር የምር ፈልጌ ነው። እግዚአብሔር ካለ በግንቦት ላገባ ነው። ባህር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ስራዬ የጀልባ ሞተር ጥገና ነው፣ ወደ ገዳማቱ እንግዳ የሚያመላልሱት ጀልባዎች ሲበላሹ እኛ ጋ ነው የሚመጡት። እኛ ያልኩት አብሮኝ የሚሰራ ጓደኛ ስላለኝ ነው፣ የነገደ ወይጦ ልጅ ነው (ከድሮ ጀምሮ ጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩ፣ ሰው አብሯቸው መብላት የሚሸሽ ሙስሊም ማህበረሰብ ናቸው)። መሳሪያችን አንድ ነው፣ የሰራነውን እኩል ነው የምንካፈለው፣ ምሳ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው (ብዙውን ጊዜ ሽሮ ስለሆነ የክርስቲያን ስጋ የእስላም ስጋ የሚባል ጣጣ የለብንም)። አባቴ የሞተ ጊዜ ከለቅሶው ቤት ሳይጠፋ ውሃ ሲቀዳ ወንበር ሲያመላልስ የሰነበተ ልጅ ነው።

እና እሱን ከነእናት አባቱ ከነሚስቱ ሰርጌ ላይ ጠርቻለሁ፣ ካርዱንም በእጄ ነው የሰጠሁት። ነገሩ የመጣው ከዛ በኋላ ነው።

እንደምታውቁት እኛ ሰፈር ሰርግ ሲሆን ለክርስቲያኑ አንድ ድንኳን ለሙስሊም ጎረቤት ደግሞ ሌላ ድንኳን ይተከላል፣ ሙስሊም አራጅ ይጠራል፣ ድስቱ ጭልፋው ሳህኑ ሁሉ ለብቻ ነው፣ ይሄ ለሰው ሃይማኖት የሚሰጥ ክብር ነው ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። የጓደኛዬ ቤተሰቦች ሙስሊም ናቸው ስለዚህ እዛው ከሙስሊም እንግዶቻችን ጋር ይቀመጣሉ ብዬ ነበር የያዝኩት። የጎረቤት ሙስሊም ሴቶች ግን እናቴን "እነሱ እዛ ካሉ እኛ ለሰላምታ እንመጣለን እንጂ አንቀምስም" ብለዋት ሄዱ። እናቴ ደግሞ ሰው እንዳይቀየማት ብላ ከጓሮ በኩል ከማብሰያው ጎን ሸራ ወጥረን ለነሱ ለብቻቸው እናቅርብላቸው አለች። ሶስተኛ ቦታ መሆኑ ነው።

እናቴ ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። የጓደኛዬ ሚስት የወለደች ጊዜ ገንፎ አገንፍታ ከነቅቤው በኔ እጅ ልካላታለች። ግን እሱ እኛ ቤት ሲመጣ ቡና የምታቀርብበት ስኒ ለብቻ ናት፣ ረከቦቱ ላይ አትቀመጥም መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነው የምትውለው። እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ፣ ስለዛች ስኒ ግን እስከዛሬ እኛ ቤት ማንም ተናግሮ አያውቅም።

የት ነው የማስቀምጣቸው? እናቴን ምን ብዬ ነው የማናግራት? ጎረቤቶቹንስ? የሙሽራዋ ዘመዶች ደግሞ ከአዴት ነው የሚመጡት፣ እነሱ ምን እንደሚሉ ገና አላወኩም። ጓሮ ግን አላስቀምጣቸውም፣ እሱን ቆርጫለሁ።

የሽምብጥ ልጅ፦

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔ የምልህ ግን ሰርግ ያንተ ብቻ አይደለም፣ የእናትህ ነው የሰፈሩ ነው የእድሩ ነው። ድንኳኑም ወንበሩም ሳህኑም የእድር ነው። ነገ ለቅሶ ቤት አንዱ ተነስቶ እነሱ በበሉበት ሳህን አልበላም ቢል ወቀሳው ለእናትህ ነው የሚተርፈው፣ አንተ ሚስትህን ይዘህ ትወጣለህ እሷ ግን ከነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምትኖረው የምትቀበረውም። ጓደኛህም ባህሉን ያውቀዋል አዲስ አይሆንበትም። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ለብቻው ጥራውና ከፈለክ በግ እረድለት። እኔ ይሄን የምልህ ንቄያቸው አይደለም፣ በእናትህ ዕድሜ ጠብ እንዳታስገባባት ብዬ ነው።

የአባይ ማዶዋ፦

የሽምብጥ ልጅ ለእናቱ አዝነህ እንደፃፍከው ገብቶኛል። ግን "አዲስ አይሆንበትም" ያልካት ነገር አመመችኝ። ሰው የለመደው ነገር አያመውም ያለው ማነው።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እዚሁ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ በኛ በኩል ስላለው እኔ ልናገር። እኛ ጋ ይሄን ነገር ሃይማኖት አስመስለው ነው የሚያወሩት፣ ስሩ ግን የጉማሬ ስጋ ይበሉ ነበር ነው። አዎ ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ጣና ላይ ኑሯቸው እሱ ነበር። አሁን ግን ልጁ ሞተር ነው የሚፈታው፣ አባቱም እንደሌሎቹ ታንኳ ሰርቶ አሳ አጥምዶ እንደሚሆን ነው ያሳደገው። ቅድመ አያቱ የበላው ነገር ዛሬ እሱ ትሪ ላይ እጁን ሲሰድ ለምን ይታሰብበታል? እነሱ እኮ ሙስሊም ነን ብለው ልጆቻቸውን ሙስሊም ስም አውጥተው ይኖራሉ፣ ሰላት ላይ ትከሻ ለትከሻ የቆምነውን ሰው ምግብ ላይ የምንሸሸው በየትኛው ኪታብ ነው?

ቢላል ሀበሻ ነው፣ ባሪያ የነበረ ጥቁር ሰው ነው፣ ነቢያችን ሰ.ዐ.ወ አዛን እንዲያሰማ የመረጡት እሱን ነው። በመሰናበቻው ኹጥባቸው (ስብከታቸው) አረቡ ከአረብ ካልሆነው ነጩም ከጥቁሩ አላህን በመፍራት ካልሆነ እንደማይበልጥ ነው የተናገሩት። ይሄን ከህፃንነታችን ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው፣ ስለ ቢላል ሲነገር የማያለቅስ ሰው የለም፣ እና እዚሁ ጣና ዳር ያለውን ወንድማችንን አጠገባችን አትቀመጥ እንላለን። እኔን በጣም ያሳዝነኛል፣ ሰው ስለሸሸው ብቻ ሳይሆን ሙስሊም ሆኖ ሙስሊም ስለሸሸው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ሴቶቹን እናትህ አትከራከራቸው አይሆንም። በሰፈሩ መስጊድ የሚከበሩ ሼህ ወይ አንድ ሁለት አባቶች ይኖራሉ፣ ራስህ ሂድ፣ ከሚዜህ ጋር ሂድ፣ ነገሩን ሳትሸፋፍን ንገራቸውና ከጓደኛዬ አባት ጋር ባንድ ትሪ ይቅረቡልኝ ብለህ ለምናቸው። እሳቸው ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ከሰደዱ ሌላው ምን ይላል። አራጁም ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ፣ ብዙ ጊዜ ማመካኛው "እነሱ ያረዱት እንዳይሆን" የሚለው ነው።

መምህሩ፦

"ባህል ነው" ለሚለው አስተያየት ትንሽ ልጨምር፣ ታሪክ ነው የማስተምረው።

ባለእጅን መናቅ ነውር ነው ተብሎ የተነገረው ዛሬ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት የሚሰራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚሰራውን ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ ብለው ከልክለዋል። ከመቶ አመት በላይ ሆነው። የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀፅ 25 ደግሞ ሰው በዘር፣ በብሄር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ ልዩነት ሳይደረግበት በህግ ፊት እኩል ነው ይላል። ያም ሆኖ ሞተረኛው እናት ቤት ስኒዋ መስኮት ላይ ናት። አዋጅ ሰውየው ፍርድ ቤት ሲቆም ይረዳዋል (እሱም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም)፣ ቡና ላይ ሲቀመጥ ግን አጠገቡ አይቀመጥለትም።

ስለ ነገደ ወይጦ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፣ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በዚህ ሲያልፍ አገሩ ውስጥ ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ፅፏል። እ.ኤ.አ. በ1907 ሌላ ተመራማሪ ስለነሱ ሲያጠና ሁሉም አማርኛ ነበር የሚናገሩት። በመሃል ባሉት አመታት አንድ ቋንቋ እዚህ አጠገባችን ጠፋ፣ መዝገበ ቃላት እንኳ ሳይያዝለት። ዛሬ በኛው ቋንቋ ነው የሚያወሩን፣ በኛው ቋንቋ ነው እንግዳ ናችሁ የምንላቸው፣ ከኛ በፊት ሐይቁን ያውቁት የነበሩ ሰዎች። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ ራ የምትባለውን ጀልባ ሲያሰራ ደንገሉ (ታንኳ የሚሰራበት፣ ውሃ ዳር የሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል) የተቆረጠው ከጣና ነው። እሱ ሰው እዚህ መጥቶ ታንኳውን አይቶ ተደንቋል፣ እኛ ግን የሚሰራውን ሰው እጅ ነው የምንፀየፈው።

ሌላው፣ ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ የስነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ ሲፅፍ ሰዎች በመተያየት በመገናኘት ብቻ አይለወጡም ነው ያለው። የሚለወጡት በእኩልነት ከተገናኙ፣ አንድ የጋራ ዓላማ ካላቸው፣ ለዛ ዓላማ ተባብረው ከሰሩ፣ ከላይ ያለ የሚከበር አካል ወይ ደንብ ደግሞ ግንኙነቱን ከደገፈው ነው። ይሄን ለኛ ከተማ አምጥታችሁ እዩት። ወይጦ በየቀኑ እናገኛለን፣ ከደንገል የሰሩትን እንገዛለን፣ ማገዶ እንገዛለን። መገናኘቱ አለ። እኩልነቱ ግን የለም፣ እኛ ሁሌ ቆመን ነው የምንከፍለው እነሱ ሁሌ ቁጭ ብለው ነው የሚሸጡት። ሞተረኛውና ጓደኛው ግን ሶስቱን አሟልተዋል፣ እኩል ይካፈላሉ አንድ ስራ ይሰራሉ። የቀረው የሚደግፍ አካል ነው፣ ለዛ ነው የአባይ ማዶዋ ሼሁ ጋ ሂድ ያለችው ትክክል የሚሆነው። በክርስቲያኑም በኩል የንስሐ አባታችሁን አናግር።

የዘጌዋ፦

እኔ ምሁር አይደለሁም ያየሁትን ነው የማወራው። እኛ ሴቶች በየወሩ የምንቆጥብበት ማህበር ነበረን፣ የተወለድኩት ዘጌ ነው ግን ባህር ዳር ካገባሁ በኋላ ነው የገባሁበት። ደንቡ እንዲህ ነው፣ በወር በወር በየተራ አንድ ሰው ቤት እንሰበሰባለን፣ ባለተራዋ ቡና ታፈላለች ዳቦ ወይ ንፍሮ ታቀርባለች፣ ገንዘቡ ይቆጠራል ብድር የሚወስድ ይወስዳል። አንዲት የወይጦ ሴት ነበረች ከደንገል ቅርጫት የምትሰራ፣ ቁጠባዋን አንድም ወር አዛንፋ አታውቅም፣ ሂሳብ ስንሳሳት በቃሏ የምታርመን እሷ ናት። ሰው ቤት ስትመጣ በር አካባቢ ትቀመጥና ቡናው ሲደርስ "እኔ ቡና አይስማማኝም" ትል ነበር ማንንም ላለማስቸገር። እኛም ዝም።

የሷ ተራ ሲደርስ ወሬው ተጀመረ። አንዷ ልጄ ታሟል አለች፣ አንዷ ገበያ አለኝ አለች፣ ሌላዋ እንደውም እሷ ትዝለል ገንዘቡን እዚህ እንቁጠር አለች። ሊቀመንበራችን የቄስ ሚስት ነበረች ትልቅ ሴት። ደብተሩን ከፈተችና "ተራው የሷ ነው፣ የቀረ ቅጣቱን ይከፍላል" አለች በቃ ሌላ ነገር አልተናገረችም፣ ስብከት የለ ቁጣ የለ። በቀኑ ቀድማ ሄዳ ቁጭ ብላ ጠበቀችን። ቤቱ በጣም ንፁህ ነው፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ሴትዮዋ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው የምትቀዳው። ሊቀመንበሯ አቦሉን ተቀብላ ጠጣች፣ ሁለተኛውንም፣ በረካውንም ጠጣች፣ ከዛ ዳቦውን ቆርሳ ለኛ አደለችን። በላን። ሁለት ሴቶች አልመጡም ነበር፣ ቅጣታቸውን ከፈሉ፣ በሚቀጥለው ዙር ግን አንደኛዋ መጣች።

ከዛ በኋላ ያቺ ሴት ቡና አይስማማኝም ማለቷን ተወች። ሶስቱንም ነው የምትጠጣው።

ይሄን የማወራው ለምን መሰላችሁ፣ እዛ ማህበር ውስጥ የተሰራው ነገር በርህራሄ አይደለም። ለሷ አዝነን ቢሆን ኖሮ የሆነ ነገር ገዝተን ሰጥተናት እንቀር ነበር። ተራ ስለሆነ ነው፣ ደብተሩ ላይ ስሟ ስላለ ነው። ሞተረኛው አንተም ጓደኛህን እንደ እንግዳ ሳይሆን ሰርጉ ውስጥ ስራ እንዳለው ሰው አድርገው፣ በሱ ቦታ ሌላ ጓደኛህ ቢሆን የምትሰጠውን ቦታ ስጠው።

ከሜሪላንድ፦

እኔ የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ነው የምኖረው፣ እዚህ ያለውን ልንገራችሁ።

እዚህ ስትመጣ አማራ ነህ ኦሮሞ ነህ ወይጦ ነህ የሚልህ የለም ጥቁር ነህ በቃ። ሱቅ ስትገባ ጠባቂው ይከተልሃል፣ ፖሊስ ሲያስቆምህ እጅህን መሪ ላይ አድርግ ብለህ ልጅህን ታስተምራለህ። ይሄ ለብዙዎቻችን ዱብ እዳ ነው የሆነብን ምክንያቱም አገራችን ቤት አላከራያችሁም የሚለን ሰው አልነበረም። ደግሞ እኛ እዚህ በነፃነት የምንኖረው ሌሎች በከፈሉት ነው፣ ጥቁር አሜሪካኖች ምግብ ቤት ገብተው አናስተናግድም ሲባሉ አንነሳም ብለው እየተደበደቡ እየታሰሩ ነው የእ.ኤ.አ. 1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ የወጣው። በዓመቱ በ1965 ደግሞ የኢሚግሬሽን ህጉ ተቀይሮ ለአውሮፓውያን ያደላ የነበረው ኮታ ቀረ፣ እንደኛ አይነቱ ሰው በብዛት መግባት የቻለው ከዛ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፣ እነዛ ወጣቶች የተቀመጡት ምሳ መብያ ባንኮኒ ላይ ነው። እዛም ነገሩ አብሮ መብላት ነበር።

ሌላ ምሳሌ። ጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ብረት ሰሪ ሸክላ ሰሪ ስለነበሩ ቡዳ ናቸው እየተባሉ ሰው ሲሸሻቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰደ። አገራችን ገባን ብለው ነው የሄዱት። በ1996 ደግሞ እዛ የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ እንደነበር ወጣና ኢየሩሳሌም ላይ በሺዎች ሆነው ተቃወሙ። እዚህ በእጃቸው ስራ እዛ በደማቸው። የሚንቀው ሰው ሁሌ ምክንያት አያጣም፣ አንዱን ስታስጥለው ሌላ ያመጣል፣ ስለዚህ ጉማሬ መብላት ትተዋል እኮ እያሉ ማስረዳቱ ብዙም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ባይተዉስ ኖሮ? የሰው ልጅ ናቸው አይደለም እንዴ።

እዚህ አገር በቆዳው የተገፋ ሀበሻ ስለ ዘረኝነት ሲያወራ ብትሰሙት ልባችሁ ይነካል፣ ያው ሰው ግን አገር ቤት ስልክ ደውሎ የእህቱ ልጅ ልታገባው ያሰበችውን ልጅ "ዘሩ ተጣርቷል?" ብሎ ይጠይቃል። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ሰላም አይሰጠኝም።

የደንገል ልጅ፦

ፅሁፎቹን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው የምፅፈው። እኔ ነገደ ነኝ። ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ነው የተወለድኩት፣ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ አሁን በሌላ ከተማ ነው የምሰራው።

ሞተረኛው ስላሰብክበት አመሰግናለሁ ከልቤ ነው። ግን ልንገርህ፣ ያቺ ጓሮ ያለችውን ሸራ እኛ በደንብ እናውቃታለን። አባቴ ሰርግ ይጠራል ይሄዳል፣ ባለሰርጉን ይመርቃል፣ አቅሙ የፈቀደውን ብር ይሰጣል፣ ምግብ ሲቀርብ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል፣ ከዛ ቤቱ መጥቶ ይበላል። እናቴ አባቴ ሰርግ በሄደ ቀን ሁሌ እራት አስተርፋ ነው የምትጠብቀው። እኔ ልጅ ሆኜ ሰርግ ሄዶ ለምን እንደሚርበው አይገባኝም ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ገባኝ፣ ለሶስት በምንቀመጥበት ዴስክ ላይ እኔ ስቀመጥ ሌሎቹ ይነሱ ነበር፣ አስተማሪው ደግሞ እነሱን ከማስቀመጥ እኔን ብቻዬን ማስቀመጥ ነው የቀለለው። ከኔ ጋር ከጀመሩት የሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ ያቋረጡት በድህነት ነው ይባላል፣ ድህነት አለ አልክድም፣ ግን ባዶ ዴስክ ላይ በየቀኑ ብቻህን ስትቀመጥ ታንኳ ላይ ከአባትህ ጋር መሄድ ይሻልሃል።

ስለ ስኒ ብዙ ተወራ። ስኒ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታንኳ የሚሰራው ከደንገል ነው፣ ደንገል ደግሞ የሚበቅለው ረግረጉ ላይ ነው፣ ረግረጉ እየታረሰ ነው፣ ዳሩ እየታጠረ ሎጅና መዝናኛ እየሆነ ነው፣ እምቦጩ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቶሎ ቶሎ መተካት አለበት፣ ደንገሉ በራቀ ቁጥር አባቴ ሩቅ ቀዝፎ ነው የሚቆርጠው። ለይዞታ ወረቀት ስንጠይቅ እናንተ እኮ መሬት አልነበራችሁም እንባላለን፣ ውሃው ዳር ትውልድ የኖረ ሰው ወረቀት ስለሌለው እንግዳ ይሆናል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ ሲባል እኔም ደስ ብሎኛል፣ ሐይቁን የሚያስተዋውቀው ፎቶ ላይ ታንኳው አለ፣ ታንኳውን የሚሰራው ሰው ግን ቦታው የት እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ሰርግ ላይ አብሮን ለመብላት የፈቀደ ሰው ቀበሌ ስብሰባ ላይም ስለዚህ ቢናገርልን ነው የምፈልገው።

አሁን ወደ ሰርጉ። እዚህ ሁላችሁም እሱን የት እናስቀምጠው ነው የምትሉት። እሱን ጠይቀኸዋል? እሱ ፊት ለፊት መቀመጥ ላይፈልግ ይችላል፣ መቶ ሰው እያየው እያንዳንዱ ጉርሻው እየተቆጠረ መብላት ለሱ ደስታ ላይሆን ይችላል። ለማሳያ አታቁመው፣ ጓደኛህ ነው።

ሁለተኛ፣ መጥራት ቀላል ነው። ሰው ለኛ መስጠት አይከብደውም፣ ገንፎ ይልክልናል ልብስ ይሰጠናል። የሚከብደው ከኛ እጅ መቀበል ነው። እናትህ ገንፎ የላከችው ባንተ እጅ ነው አልክ፣ ራሷ ወስዳ ያቺ አራስ ቤት ገብታ ቁጭ ብላ ቢሆንስ? የዘጌዋ የነገረችንን አንብበው፣ ያቺ ሴት የተለወጠችው ሲሰጧት አይደለም፣ ሰዎቹ እሷ ቤት ገብተው ሲጠጡ ነው። እናትህ ለጓደኛህ እናት ካርድ ይዛ እቤቷ ትሂድ። አዛውንት ለአዛውንት፣ ልጄን ልድር ነው ኑልኝ ብላ ትጥራት። ቡና ሲቀርብላት ትጠጣ። እሱን ካደረገች ድንኳኑ የትም ቢሆን ግድ የለኝም። እሱን ካላደረገች ሼሁም ቄሱም መጥተው አብረው ቢቀመጡ የጓደኛህ እናት ያን ቀን በልቼ ነው የመጣሁት ነው የምትለው።

የሽምብጥ ልጅ፦

የደንገል ልጅ አንብቤዋለሁ። ስለ እድሩ የፈራሁት ነገር አሁንም ያለ ነው፣ ሰው ያወራል። ግን ስለ አባትህ እራት የፃፍከው ከበደኝ። ሞተረኛው የእድራችሁን ዳኛ ቀድመህ አናግረው፣ ሳህኑን በተመለከተ የሚነሳ ነገር ካለ እሱ ጋ ይለቅ እናትህ ጋ አይድረስ። እኔ የማውቀው ዳኛ ቢሆን አብሬህ እሄድ ነበር።

ሞተረኛው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሶስት ቀን ዝም ያልኩት እየሄድኩ ሰው እያናገርኩ ስለነበር ነው።

ጓደኛዬን ጠየኩት። ስራ ላይ ነበርን፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፓምፕ ፈተን እያፀዳን ነው ያነሳሁበት። ትንሽ ዝም አለና "እኔ እኮ እንግዳ የሆንኩ አልመሰለኝም፣ ሚዜ ታደርገኛለህ ብዬ ነበር የምጠብቀው" አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ስርዓት ሌሎቹ ሚዜዎች ይወጡታል፣ ከዛ ውጭ ያለውን ሁሉ ግን እሱ ከኔ ጋር ነው፣ ሱፉንም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተለክቷል።

እናቴ ጋ ያለው ከባድ ነበር። የደንገል ልጅ የፃፈውን ከስልኬ ላይ አነበብኩላት፣ ሰውየው ሰርግ ሄዶ ሳይበላ የሚመለሰውን። አለቀሰች፣ ከዛ ደግሞ ተቆጣች፣ "እኔ መቼ ማንንም አስርቤ አውቃለሁ" አለች። መልስ አልሰጠኋትም። በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ በል ውሰደኝ አለች። ሄድን። የጓደኛዬ እናት ስታያት ደንግጣ ቆመች፣ እናቴም ቆመች፣ ከዛ ተሳሳሙ። ካርዱን ሰጠቻት። ቡና ተፈላ። እናቴ አንደኛውን ጠጣች፣ ለሁለተኛው ቸኩያለሁ ብላ ተነሳች። አንድ ስኒ ነው የጠጣችው፣ ከዛ በላይ አልሆነላትም፣ እንደሆነው ነው የምነግራችሁ። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም ብቻ ሸራው ይቅር አለች።

ሼሁ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው እመጣለሁ ብለዋል። ጎረቤቶቹ ሴቶች ግን ከሁለት አንዷ ብቻ ናት እሺ ያለችው። የአዴት ዘመዶች ጋ የሙሽራዋ አጎት ነው የሚያናግራቸው፣ መልስ ገና አልመጣም። ሁሉም ካልተስማማ ብዬ አላስቀረውም።

የአባይ ማዶዋ፦

አልሃምዱሊላህ። ያቺ እንቢ ያለችው ጎረቤት ሰርጉ ቀን ባትቀምስም እንዳትቀየማት፣ ቤቷ ምሳ ላክላት፣ እንድታኮርፍ በር አትክፈትላት። ሼሁ ለብቻቸው ትልቅ ሰው ተደርገው ሌላ ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ ግን አደራ፣ ከጓደኛህ አባት ጋር ፊት ለፊት ይሁኑ፣ ትሪውም አንድ ይሁን። ሙስሊም አራጁን ካላገኘህ ካሁኑ ያዝ፣ ቀኑ ሲቀርብ አይገኝም። በውስጥ ፃፍልኝ አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፣ ይሄን ሁሉ ነግሬያቸው እሺ ያሉ።